ጀላሉ የመለሰው ሰሃን

ሞላሌ ውስጥ ስለ ጀላሉ ዓብዱረህማን ክፉ የሚያወራ ሰው ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን ሱቁ ደጃፍ መቆም ይበቃል። አንዱ «ሟርተኛው» ይለዋል፣ ሌላው «የበሬ ጉትቻ ሻጭ» ይለዋል። እነዚሁ ሰዎች መኪናቸው የተገለበጠ ወይም በሬያቸው የወደቀ ቀን ግን ከዘመድ አስቀድመው የሚደውሉት ለእሱ ነው። እኔ ከእሱ በአንድ ግድግዳ የምለይ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ወዳጄ ነው ብዬ አልምልም፤ ጠላቴም አይደለም። ጎረቤቴ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ብዙ ያያል። ያላየሁትን ሚስቱ ሀስና ነግራኛለች። ሀስና ስታወራ ቅመም እንደምትጨምር ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ጀላሉ ሞላሌ የገባው በእህቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። አባታቸው ከቆላ በርበሬና ጨው በበቅሎ እየጫነ ወደ ደጋው የሚያወጣ ነጋዴ ነበር። እናታቸው ስትሞትና አባትየው ሌላ ሲያገባ፣ ታላቅ እህቱ ሙስሊማ ሕፃኑን አዝለው ሽቅብ ወጡ። ያኔ እሳቸውም ገና ልጅ ነበሩ። ገበያው ዳር በርበሬ በጣሳ እየሰፈሩ አሳደጉት፣ ፊደል አስቆጠሩት፣ እስከ አሥረኛ ክፍል አስተማሩት። ባል ሲመጣላቸው «ወንድሜን ይዤ ነው የምገባው» እያሉ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ ኖረው፣ በኋላ እሺ ያላቸውን አገቡ። ዛሬ ጀላሉ ሃምሳን አልፏል፣ ጢሙም ሸብቷል። እትዬ ሙስሊማ ግን በሱቁ በኩል ሲያልፉ አሁንም «ደርብ እንጂ፣ ብርዱ አይታይህም?» ይሉታል። እሱም ይደርባል። ሰው ፊት አያፍርም፤ ይህን እወድለታለሁ።

ሱቁ ውስጥ ገመድ፣ ሚስማር፣ ላስቲክና ከረጢት ይሸጣል። የመድን ወኪል የሆነው በአጋጣሚ ነው። ዕቃ የሚያመጣለት አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ተገለበጠ። ሾፌሩ በተአምር ተረፈ፤ መኪናው የማይጠገን ሆነ። ባለመኪናው መድን ነበረው። አደጋ ሲደርስ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለበት የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ቀኑ አለፈበት፣ ካሳውም ቀረ። ጀላሉ ስለ ሰውየው ሊከራከር ከተማ ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቢሮው ውስጥ ያገኘው ሰው «እናንተ አገር ወኪል ቢኖረን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብሎት ኖሯል። «እንግዲያው እኔ ልሁናችሁ» አለ ጀላሉ። እንደ ሀስና አባባል ይህን ያለው ተናዶ እንጂ አስቦበት አይደለም።

መኪናው አላስቸገረውም፤ ያለ መድን መንዳት ስለማይቻል ሾፌሩ ወዶም ባይሆን ይመጣል። ጀላሉም ቀኑ ሊያልፍበት ያለውን ሾፌር መናኸሪያ ድረስ ሄዶ በስሙ እየጠራ ያስታውሰዋል፤ አንዳንዱ ተደብቆት በአውቶቡሱ ወዲያኛው በር ይወርዳል። ጣጣው የመጣው ኩባንያው የእርሻ በሬም እመዘግባለሁ ባለ ጊዜ ነው። በእኛ አገር ገና ያልመጣ ክፉ ነገር የሚያወራ ሰው ሟርተኛ ነው። ታዲያ ደኅና በሬ ፊት ቆሞ «ቢሞትስ?» የሚል ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው?

«ለምን እድር ትገባለህ ታዲያ?» ይላቸዋል ጀላሉ። «ለመሞት ቸኩለህ ነው?»

ያስቃቸዋል፤ ግን ስቀው ይሄዳሉ እንጂ አይመዘገቡም። የተመዘገበ በሬ ጆሮው ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ ምልክት ይደረግለታል። በሬው ሲሞት ጆሮው ከነምልክቱ ተቆርጦ ለማስረጃ ይቀርባል። የጉትቻው ቀልድ የመጣው ከዚህ ነው። እኔም ራሴ «በሬውን ልትድረው ነው እንዴ?» እያልኩ ብዙ ቀልጄበታለሁ።

ከዚያ መብረቅ የአንድ ድሃ ገበሬ በሬ ገደለ። በሬው ባለ ጉትቻ ነበር። ወር ሳይሞላ ሰውየው በሌላ በሬ ሲያርስ አገር አየ። ያን ሰሞን ወደ ጀላሉ የሚመጣው ሰው የእኔን ደጃፍ እስኪዘጋ ድረስ በዛ። ማንበብ ለማይችለው ውሉን ከዳር እስከ ዳር ያነብለታል። «በደንብ ስማ፤ ኋላ አልነገርከኝም እንዳትለኝ» ይላል። አንዱን ነገር እየመላለሰ ሲያነብ ስሰማ፣ ውሉን እኔም በግድግዳው በኩል በቃሌ ያዝኩት።

ከመጡት አንዱ ቄስ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ደብር ያገለግላሉ። ቤታቸው ልጅ ሞልቶታል፤ በሬ ግን ያላቸው አንድ ብቻ ነበር፣ ግንባሩ ነጭ፣ ስሙም ቦራ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው የትምወርቅ ካላት አንድ በሬ ጋር አጣምረው በተራ ያርሱ ነበር፤ ይህን ቅንጃ ይሉታል። ቅንጃ ጥሩ ነው፤ ሁለት ድሃ አንድ ጥማድ ይኖረዋል። ክፋቱ አንዱ በሬ ሲሞት የሁለት ቤት መሬት ጦም ያድራል።

ቦራ የወደቀው በየካቲት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ሰው ሁሉ ገብስ ሊዘራ ወደ እርሻ ሲወጣ። ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት የገቡበት ዓመት ነበር። አገሩ በሙሉ ጾመኛ ነው፤ ንዴቱም በዚያው ልክ። ቦራ ጠዋት ለግጦሽ እንደወጣ የረጠበው አፋፍ ከዳው፤ ከታች ካለው እርከን ላይ ወድቆ የኋላ እግሩ ከዳሌው ተሰበረ። ቄስ ለጀላሉ ደወሉ። ጀላሉም የእንስሳት ሐኪሙን ከሞተር ብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦ ደረሰ።

ሐኪሙ ዳሌውን ዳስሶ ራሱን ነቀነቀ። «አይነሣም» አለ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። በውሉ መሠረት እንዲህ ያለ በሬ ሳይሞት ታርዶ ሥጋው ከተሸጠ፣ የሥጋው ዋጋ ከካሳው ይቀነሳል። የሚበላ ሥጋ ከተጣለም እንደተሸጠ ተቆጥሮ ይቀነሳል። ይህን የጻፈው ሰው ሁዳዴ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። በሌላ ጊዜ መንደሩ ቅርጫ ይገባል፤ ሥጋውን ተከፋፍሎ ይገዛና ባለበሬውን ይደግፋል። በሁዳዴ ግን ማን ክርስቲያን ሥጋ ይገዛል? ሥጋው ለአሞራ ከተጣለ ቄስ የሚያገኙት ካሳ ይጎድላል፤ በጎደለ ካሳ ደግሞ በሬ አይገዛም።

«አባ፣» አለ ጀላሉ፣ «አንድ መንገድ ነበር፤ ግን ከእኔ አፍ ቢወጣ አያምርም።»

ቄስ ገባቸው። «ለእናንተ ሰዎች መሸጥ ነው።»

«ሙሐመድያሲን፣ ባለ ሉካንዳው፣ ብደውልለት ይመጣል። ለማፍጠሪያ ስለሆነ ሥጋው ዛሬውኑ ያልቃል። የሚያርደው ግን እሱ ነው የሚሆነው።»

የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ተገኘ የሚባል የደብሩ ሽማግሌ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «አባ፣ በዐቢይ ጾም የቄስ በሬ በቢስሚላህ ሊታረድ? አገር ምን ይለናል?»

«ተገኘ፣ አንተ ትበላዋለህ?» አሉ ቄስ።

«እኔማ ጾመኛ ነኝ!»

«እነሱም ጾመኞች ናቸው። እነሱ ማታ ይበላሉ፣ አንተ በፋሲካ። ቦራ እስከ ፋሲካ ይቆይልህ?»

ሰው ሳቀ። ቄስ ግን አልሳቁም። ወደ ቦራ ዞረው ነጩን ግንባሩን ዳሰሱትና ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሲታረድ አላዩም።

ጀላሉ ያን ጊዜ ሁሉም እየሰማ ተናገረ። «ይታረድ ብዬ የምፈቅደው እኔ ነኝ» አለ። «ፈቅጄ ብበላ፣ ሥጋ አምሮት ፈቀደ ትሉኛላችሁ፤ እውነታችሁንም ነው። ወላሂ፣ ከዚህ ሥጋ እኔም ቤቴም አንቀምስም።»

እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰማው። ሞላሌ ያለ ሰው ግን አልሰማም።

ሙሐመድያሲን መጥቶ አረደ፤ ሥጋውን ገበያው ሥር ያሉት የሙስሊም ቤቶች ተካፍለው ገዙት። ጀላሉ የቦራን ጆሮ ከነቢጫ ምልክቱ ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቱ ገባ። እኔ ሱቄን እየዘጋሁ ነበር። ፀሐይዋ እንደገባች እትዬ ሙስሊማ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን ይዘው ሲገቡ አየሁ። በየረመዳኑ የሚያደርጉት ነው፤ ወንድማቸውን ሳያቀምሱ ራሳቸው አይቀምሱም። ጥብሱ እስከ እኔ ድረስ ሸተተኝ። ሰው ቢጾም አፍንጫው አይጾምም። ቶሎ ቆልፌ ሄድኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሀስና ነው። ጀላሉ ጨርቁን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነው።

«እትዬ፣ ይህ ከዛሬው በሬ ነው?»

«ከሙሐመድያሲን ነው የገዛሁት። ምነው?»

«አልበላውም።»

በእኛ አገር፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ጎረቤት የላከው ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ዳቦም ቢሆን ቆሎም ቢሆን ይደረግበታል። እንደመጣ ሙሉውን መመለስ ግን ስድብ ነው። በረመዳን፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ ላሳደገች እህት ሲሆን ደግሞ ስድብ የሚለው ቃል ያንሰዋል።

«ሙሐመድያሲን ያረደውን ሐራም ነው ልትለኝ ነው?» አሉ እትዬ ሙስሊማ።

«አይደለም እትዬ። የሥራ ነገር ነው። ምያለሁ።»

«በእኔ ሰሃን ላይ ነው የማልከው?»

«በቄሱ በሬ ላይ ነው። እኔ ከበላሁ የሰውየው ካሳ ይበላሻል።»

«አንዲት ጉርሻ ማን ያይብሃል?»

«የማለው አፌ ነው፤ የሚጎርሰውም እሱ ነው።»

እትዬ ሙስሊማ ሰሃናቸውን አነሡ። «ጥርስ ሳታበቅል እያላመጥኩ ነው ያጎረስኩህ» አሉ። «ያን ጊዜ ከየት ነው አላልከኝም።»

ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ በሱቁ በኩል ማለፍ ትተው በላይኛው መንገድ መዞር ጀመሩ። ጀላሉ ሁለት ጊዜ ሄዶ ደጃቸውን አንኳክቷል፤ አልከፈቱለትም። ያን ሰሞን ብርዱ በርትቶ ነበር፤ ጀላሉ ግን በሸሚዝ ብቻ ይቀመጥ ነበር።

ካሳውም በወትሮው ጊዜ አልመጣም። አንድ ሰው ለኩባንያው ደውሎ «ወኪሉ ለረመዳን ሥጋ ሲል ጤነኛ በሬ አሳርዷል፤ ሥጋውም ቤቱ ሲገባ ታይቷል» ብሎ ኖሯል። ማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የምጠረጥረው አለ፤ ስም ግን አልጠራም። ክፍያው ነገሩ እስኪጣራ ታገደ።

ዝናቡ ግን አልታገደም። ዘግይቶ የተዘራ የበልግ ገብስ ሳይደርስ ክረምቱ ይይዘዋል፤ ይህን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ቄስ ኪዳነ ወልድ በየገበያው ቀን ይመጡና ጀላሉ ሱቅ ደጃፍ፣ የገመድ ጥቅል ላይ ይቀመጣሉ። ከሥጋው ያገኙት ለብቻው የበሬ እግር እንኳ አይገዛም። ግን አይጠይቁም፣ አይወቅሱም። ጀላሉን የበላውም ያ ዝምታቸው ነው። አንድ ቀን ብቻ «የትምወርቅ በሬዋን ልትሸጠው ነው» አሉ። «ብቻውን ቆሞ ድርቆሽ ይፈጃል፤ ልጆቿም ዘሩን መቁላት ጀምረዋል።»

«ከሰው ጥማድ ብትዋሱስ አባ?»

«ሰው ሁሉ የራሱን ይዟል። እነሱ ጨርሰው እስኪያውሱን ዝናቡ ያልፋል።»

«ካሳው ይመጣል» አለ ጀላሉ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ቄስ።

እኔ በግድግዳው ማዶ ሆኜ አይመጣም እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በኩባንያው ይሁን፣ በደወለው ሰው ይሁን፣ አንዲት ጉርሻ ጎርሶ እህቱን ማስደሰት ባቃተው በጀላሉ ይሁን።

በመጨረሻ ከኩባንያው መርማሪ መጣ፤ ቴዎፍሎስ የሚባል፣ ረጋ ያለ፣ ጭቃ የማይፈራ ወጣት። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ሞኝ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለን ነበር። ሞኝ አልነበረም። ሐኪሙን «እግሩ የተሰበረው ከመታረዱ በፊት መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ ጠየቀው፤ ሐኪሙም በወጉ መለሰለት። መንደሩ ድረስ ወጣ። ሰዎቹ ጀላሉ እንደማለ ነገሩት። «መማሉንማ ሰምታችኋል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደበላ ግን አላያችሁም» አላቸው። ይህም ልክ ነው። ባለ ሉካንዳውን ሥጋውን ለማን ለማን እንደሸጠ ጠየቀው። «የጀላሉ እህት እትዬ ሙስሊማ ደኅና ድርሻ ወስደዋል» አለ ሙሐመድያሲን፣ ምንም ክፋት ሳያስብ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ያን ማታ ከእህቱ ወደ ጀላሉ ቤት ሰሃን ሲገባ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ምን ነበረበት?»

«ጥብስ።»

«አልተሸፈነም ነበር?»

«እሱስ ተሸፍኗል። ሽታው ነው እንጂ ያልተሸፈነው።»

«ሲመለስስ አይተዋል?»

«ሱቄን ዘግቼ ሄጃለሁ።»

«ሲመለስ አይቻለሁ» ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን በጾም አልዋሽም፤ ከጾም ውጭም ስዋሽ ያስታውቅብኛል። ጀላሉ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ቄስ ከገመዱ ጥቅል ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ያያሉ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ ለሁለቱ ቤቶች አዘንኩ።

«እንግዲህ የቀሩት እህትየው ናቸው» አለ ቴዎፍሎስ።

እሱ ወደ ገበያው ሲያመራ ሰፈሩ ተከተለው፤ እኔም ሱቄን ክፍት ትቼ ሄድኩ። የእህት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አልበላም ቢሉ «እህቱ ናቸው» ይባላል፤ ዝም ቢሉ በላ ማለት ነው። ደግሞም ከጀላሉ ጋር ከተኳረፉ ሰንብተዋል። እትዬ ሙስሊማ በርበሬያቸውን ዘርግተው ጣሳቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጀላሉ ከሰዉ ኋላ ቆመ። ቴዎፍሎስ ቁጢጥ አለ።

«እማማ፣» አለ፣ «ያን ማታ ለወንድምዎ የወሰዱለት ጥብስ ጣፈጠው?»

ብልህ ጥያቄ ነው። «በላ ወይ?» አላለም።

እትዬ ሙስሊማ ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«ጣፈጠው?» አሉ። «ማን ቀምሶት ይጣፍጠው! አንተ ማን ነህ? የእሱ ሰው ነህ? እንግዲያው ንገርልኝ! አንዲት ቴምር ብቻ ቀምሼ፣ ከጾም ወገቤን ሳላቃና፣ ሰሃን ተሸክሜ ሄጄ፣ ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነብኝ! ሥራ ነው አለኝ! ምያለሁ አለኝ! ሙሉ ሰሃን ተሸክሜ በሰው መሐል ስመለስ እንዴት እንዳፈርኩ ታውቃለህ? ከመስጊድ የሚወጣው ሰው ሁሉ አይቶኛል! አንዲት ጉርሻ! ሌላ ወንድም ቢሆን እኔን አፍሮ ይቀምሳል። በጥርሴ እያላመጥኩ ያሳደግኩት ልጅ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰልኝም! ቢበላማ ምን ቆጨኝ!»

ሻሻቸው ወልቆ ትከሻቸው ላይ ወርዷል። ቴዎፍሎስ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። «ሲመለሱ ያያቸው አለ?»

የሰው ኀፍረት በአደባባይ አይወራም፤ እስከዚያም ድረስ ማንም ያላወራው ለዚህ ነው። በኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እኔ አግኝቻቸዋለሁ» አሉ። «ሰሃኑ ሙሉ ነበር። ያለቅሱ ነበር።» ሌላው ደግሞ እሱም እንዳያቸው ተናገረ፤ ከኋላ ያለውም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጨርሰናል እማማ» አለ ቴዎፍሎስ፣ ከጉልበቱ ላይ የበርበሬ ብናኝ እያራገፈ። «ቄሱ በሬያቸውን ያገኛሉ።»

እትዬ ሙስሊማ የዚያን ጊዜ ነው ሰዉን ያዩት። ቄስ ኪዳነ ወልድን አዩ፤ ከኋላ የቆመውን ወንድማቸውንም አዩ። ምን እንደተጠየቁና ምን እንደመለሱ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ሻሻቸውን መልሰው አሰሩና ጣሳቸውን አነሡ። ጀላሉም ሊጠጋቸው አልደፈረም።

ካሳው በዚያው ሳምንት ተለቀቀ። ቄስ በቀጣዩ ገበያ አንድ ዳልቻ ወይፈን ገዙ። ወደ ቤታቸው ሳይወስዱት በፊት ጉትቻ እንዲያደርግለት ወደ ጀላሉ አመጡት። ከኋላቸው ተገኘ የራሱን በሬ ለጉትቻ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ዓይኔን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያያል። የትምወርቅ በሬዋን አልሸጠችም። ወይፈኑ ቀንበር የለመደ አልነበረምና መጀመሪያ አስቸገረ፤ ቢሆንም ዝናቡ ሳያልፍ የሁለቱም ቤት ገብስ መሬት ገባ። እኔ አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ገብሱ በቅሎ አይቻለሁ።

ዒድ ሲሆን ጀላሉ ሀስናንም እኔንም አስከትሎ እህቱ ቤት ሄደ። ለምን እኔን እንደጨመረኝ ገብቶኛል፤ እንግዳ ፊት አያባርሩኝም ብሎ ነው። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ሙስሊማ «ግቡ» አሉ፤ ለማን እንዳሉ ግን አልታወቀም። ለእኔ ጾመኛ ስለሆንኩ ሻይና ዳቦ ቀረበልኝ። ለጀላሉ ያችኑ ሰሃን፣ በዚያው ነጭ ጨርቅ ሸፍነው አምጥተው ፊቱ አስቀመጡ። ጀላሉ እጁን አልዘረጋም። እሳቸውም እንደቆሙ ናቸው።

«የራሴ በግ ነው» አሉ እትዬ ሙስሊማ። «እዚሁ ደጄ ያደገ። ጉትቻ የለውም። ጆሮውን ላምጣልህ?»

ጀላሉ ሊስቅ አፉን ከፈተ። እሳቸው ጨርቁን ገልጠው፣ ጠቅልለው፣ አጎረሱት። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ለልጅ የሚጎረስ ዓይነት አይደለም። እያላመጠ ዕንባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። እኔም ሻዬን ማየት ጀመርኩ። ሌላ ማንም ከዚያ ሰሃን አልነካም። ጀላሉ ጠርጎ ጨረሰና ባዶውን በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ባዶውን ተቀበሉት።

«በል ደርብ» አሉት። «ብርድ ነው።»

ደረበ።